ሞተሩ ስለጮኸ ደክሟል ማለት አይደለም

በመኪናዬ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ፣ ከኢንሹራንስ ወረቀቱ ጋር ታጥፎ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ፖስታ አለ። የመብራት ቢል የመጣበት ነው። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ሂሳብ አለበት፤ ግማሹ ተሰርዟል፣ አንዱ ጥግ ላይ የሽሮ ጠብታ ደርቆበታል። ባለቤቴ መኪናውን ባጸዳች ቁጥር “ይሄን ነገር ልጣለው?” ትለኛለች። አይጣልም። 1,500 ዶላር ያወጣሁበት ወረቀት ነው።

ነገሩ የሆነው በ2022 ነው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ገንዘብ በሌላም መንገድ ጠፍቶብኝ ያውቃል። የሚከነክነኝ ምንዛሪ ስነግድ በየቀኑ አፍጥጬ የማየውን፣ አርኤስአይ የሚሉትን አንድ ቁጥር ምን እንደሚል ሳላውቅ መክረሜ ነው። ቋንቋውን በማልሰማው ሰው ፊት ተቀምጬ በአስተርጓሚ ያወራሁ ያህል ነበር፤ አስተርጓሚው ደግሞ እኔው ራሴ ነበርኩ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ታክሲ እነዳለሁ፣ ማታ ፎሬክስ፣ ማለትም የውጭ ምንዛሪ፣ ለመነገድ ቻርት አያለሁ። ዶላር/የንን፣ ማለትም ዶላር በጃፓን ገንዘብ የሚመነዘርበትን ዋጋ፣ የመረጥኩት አጥንቼ አይደለም፤ የቶኪዮ ገበያ የሚከፈተው እኛ እራት በልተን ሳህን በምናነሳበት ሰዓት ስለሆነ ብቻ ነው። ኢንዲኬተር፣ ከዋጋ ተሰልቶ የገበያውን ሁኔታ ያሳያል የሚባለውን ቁጥር፣ ያስተማረኝ ሬገን ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ የተዋወቅሁት ጓደኛዬ ነው። ትምህርቱ ተራችን እስኪደርስ አለቀ፦ “አርኤስአይ ከ70 በላይ ሲወጣ ኦቨርቦት ነው፣ ሴል። ከ30 በታች ሲወርድ ኦቨርሶልድ ነው፣ ባይ። በቃ!” ኦቨርቦት ከልክ በላይ ተገዝቷል፣ ኦቨርሶልድ ከልክ በላይ ተሽጧል ማለቱ ነው፤ ሴል ሽጥ፣ ባይ ግዛ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኛ ግን ጥምጥሙን እዚያው መኪናው ውስጥ ነው ያሰርነው።

ያከሰረኝ ትርፍ

በዚያ ዓመት ማርች ላይ የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ መጨመር ጀመረ። የጃፓን ባንክ፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ በበኩሉ የአሥር ዓመቱ ቦንድ ወለድ ከ0.25 በመቶ እንዳያልፍ ብሎ ቦንዱን ያለ ገደብ ልግዛ አለ። ማርች 28 ሰኞ ነበር። ገንዘብ ወለድ ወዳለበት ይሄዳልና፣ ከ122 የን አካባቢ የተነሣው ዶላር በዚያው ቀን 125ን ነካ። አርኤስአዩን ስከፍት 80ን ተሻግሯል። ልቤ ዘለለ። በ124.20 ሁለት ሚኒ ሎት (አንዱ የአሥር ሺህ ዶላር ንግድ ነው፤ ከኪስ የሚያዘው ጥቂቱ ብቻ ነው) ሴል ገባሁ፣ ዶላሩ ይወርዳል ብዬ ሸጥኩ ማለት ነው፤ ረቡዕ ዕለት 122 ላይ ዘጋሁት። 360 ዶላር ገደማ አገኘሁ።

ቅዳሜ ለጓደኛዬ ቁርጥ ጋበዝኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ ግን ዐቢይ ጾም ነበር። ሹሮና ጎመን በበላንበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለታችንም የጃፓንን ገንዘብ ሚኒስቴር የምንመራ ይመስል ነበር።

አሁን ሳስበው የኪሳራዬ ምክንያት ያ ትርፍ ነው። መጀመሪያ ብከስር ኖሮ “ቆይ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?” እል ነበር። ስላተረፍኩ ጥያቄ አልነበረኝም። ያን ዕለት ዋጋው ለምን እንደተመለሰ እንኳ አላጣራሁም። ቁጥሩ 80 ገባ፣ እኔ ሸጥኩ፣ ዋጋው ወረደ። ለእኔ ምክንያትና ውጤት ማለት ይሄ ነበር።

ሕማማት፣ ማክሰኞ ማታ

ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ዶላሩ እንደገና መውጣት ጀመረ። እንደ ማርች 28 ዘሎ አይደለም፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው። ኤፕሪል 11 ላይ 125ን ሲያልፍ አርኤስአዩም ከ70 በላይ ነበር። የማውቀው ዘፈን መጣ ብዬ በ125.40 ሦስት ሚኒ ሎት ሸጥኩ። ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ኪሳራው ከዚህ እንዳያልፍ ንግዱን የሚዘጋ ትእዛዝ፣ አላስቀመጥኩም። የሚመለስ ነገር ላይ ስቶፕ ለምን ይቀመጣል?

አልተመለሰም። ዓርብ ዕለት፣ በፈረንጆቹ ስቅለት፣ በ126.40 ሌላ ሦስት ጨመርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ስሰማ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ተረቱ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። አካውንቴ ውስጥ የነበረው በሙሉ ከ3,600 ዶላር አይበልጥም። በየማለዳው የመጀመሪያ ተሳፋሪዬን ሳልጭን ስልኬን አያለሁ፣ ቀዩ ቁጥር ካደረበት ጨምሯል። አርኤስአዩ ደግሞ አሁንም ከ70 በላይ ነው። የሚገርመው ያ ያጽናናኝ ነበር። “አሁንማ በጣም ደክሟል” እላለሁ። በቆየ ቁጥር ይበልጥ የሚደክም፣ በደከመ ቁጥር ይበልጥ የሚወጣ ነገር ዓለም ላይ እንደሌለ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

ኤፕሪል 19 ማክሰኞ ማታ ነው። የእኛ ሕማማት ሁለተኛ ቀን። ባለቤቴ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ሽሮው ጠረጴዛ ላይ ቀዝቅዟል። ዶላሩ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት 13 ተከታታይ ቀናት ወጥቶ ነበር። የቶኪዮ ገበያ ሲከፈት 129ን አለፈ። ስልኩን አስቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናደድኩት በዋጋው ሳይሆን በቁጥሩ ነው። አንተ ቁጥር፣ መቼ ነው የምትደክመው? እስቲ ከምን እንደተሠራህ ልይህ ብዬ ቀመሩን ፈለግሁ። ቅርብ የነበረው ወረቀት ያ ፖስታ ነበር።

ቀመሩ እንደፈራሁት አልነበረም። ባለፉት 14 ቀናት ዋጋው የወጣውን ሁሉ ደምረህ ለ14 ታካፍላለህ፤ የወረደውንም ሁሉ ደምረህ ለ14 ታካፍላለህ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የትናንቱን አማካይ በ13 አባዝተህ የዛሬውን ትደምርበትና ለ14 ታካፍላለህ። የመውጫውን አማካይ ለመውረጃው አማካይ ታካፍላለህ። ያገኘኸው ላይ 1 ትደምራለህ፣ 100ን በእሱ ታካፍላለህ፣ የመጣውን ከ100 ትቀንሳለህ። በቃ።

እንዲቀለኝ ክብ ቁጥር ያዝኩ። አማካይ መውጫው 60 ፒፕ (አንድ ፒፕ የአንድ የን መቶኛ ነው)፣ አማካይ መውረጃው 20 ፒፕ ይሁን። 60 ለ20 ሲካፈል 3። አርኤስአዩ 75 መጣ። ከዚህ በኋላ ያለ ዕረፍት በየቀኑ 60 ፒፕ ይውጣ አልኩ። የመውጫው አማካይ ያው 60 ሆኖ ይቆያል። የመውረጃው አማካይ ግን አዲስ የወረደበት ቀን ስለሌለ በየቀኑ በ13 ተባዝቶ ለ14 እየተካፈለ ይሟሽሻል። በስልኬ ካልኩሌተር አንድ በአንድ ወረድኩት፦ 18.6፣ 17.2፣ 16.0... በአሥራ ሦስተኛው 7.6። አሁን 60ን ለ7.6 ሳካፍል 8 ሊሞላ ምንም አልቀረው። አርኤስአይ 89።

እርሳሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። 75 የነበረው 89 ሆነ፤ ግን ፍጥነቱ አንድ ፒፕ አልጨመረም። ዋጋውስ የት አለ? 125 በዚህ ሂሳብ ውስጥ የት ገባ? 129ስ? በሃያ ዓመት ውስጥ ያልታየ ከፍታ መሆኑን የሚያውቀው የትኛው መስመር ነው? የትኛውም። “ብዙ ወጥቷል” የሚል ነገር ፖስታው ላይ የለም። “ደክሟል” የሚልም የለም። ቁጥሩ ያደገው የወረደባቸው ቀናት ከትዝታው እየደበዘዙ ስለሄዱ ብቻ ነው። በአማርኛ ሲነገር፣ “ሰሞኑን ወደ ታች የሚገፋ ሰው የለም” ማለት ነው። የሚሸጥ ጠፍቷል ይለኛል፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ እየገባሁ እሸጣለሁ። የጠፋው ሻጭ እኔ ነበርኩ።

ኤንትሬው

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ባለተሳቢ ኤንትሬ ይነዳ ነበር፤ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንዴ ጎጃም ይዞኝ ይሄዳል። ጎሃ ጽዮንን አልፈን አባይ በረሃን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ የሚያሰማው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ልጅ ነበርኩና የሚፈነዳ መስሎኝ “አባዬ፣ ደከመው” አልኩት። ሳቀ። “ሲጮህ አይደለም የሚያስፈራው፤ ሲጮህ እየጎተተ ነው። ድምፁ ሲወርድ ነው ጆሮህን ማቆም” አለኝ።

ይሄን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የመብራት ቢል ፖስታ ላይ አፍጥጬ አገኘሁት። አርኤስአይ 80 የሞተሩ ጩኸት ነው። እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ከፊት ለፊቱ ቆሜ ልገፋው ነበር።

ዘጋሁት። ሁለቱንም። 1,500 ዶላር ሄደ። ባለቤቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ስትገባ “ምነው ፊትህ?” አለችኝ። “ሂሳብ እየሠራሁ ነው” አልኳት። “በሕማማት?” አለችና ሽሮውን ልታሞቅ ገባች።

በወጣሁ ማግስት

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ያምር ነበር። ገበያ ግን ለማማር አይሠራም። እኔ የዘጋሁት ከጫፉ አጠገብ ኖሯል! በዚያው ሌሊት 129.40 ነክቶ ዞረ፤ በማግስቱ ከ128 በታች ነበር። አሥራ ሦስቱ ቀን ተሰበረ። በ129 ለሸጠ ሰው “ከ70 በላይ ሴል” የሚለው ትምህርት በትክክል ሠራለት።

ጠዋት ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቆሜ ይሄን ሳይ የተሰማኝን አልጽፈውም። ለአንድ ሳምንት ያህል ፖስታው ራሱ ውሸታም መሰለኝ። ኤፕሪል 28 የጃፓን ባንክ ቦንዱን በየሥራ ቀኑ እገዛለሁ ሲል ዶላሩ ከ2002 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ 130ን አለፈ፣ 131ም ገባ። ሳልዘጋ ቆይቼ ቢሆን አካውንቴ ማርጂን ኮል፣ ማለትም “ገንዘብ ጨምር፣ አለዚያ ንግድህ ይዘጋል” የሚባልበት፣ አፋፍ ላይ ነበር። ኦክቶበር 21 ደግሞ 151.94 ደረሰ።

ስለዚህ ማን ልክ ነበር? ይሄን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንስቼ ጥያለሁ። አሁን የሚመስለኝ፣ በ129 የሸጠው ሰውም ያተረፈው ቁጥሩን አንብቦ አይደለም፤ የሆነ ቀን መተንፈስ አይቀርምና ያ ቀን ስለገጠመው ነው። እንደ እኔ ማርች። ሁለታችንም የቆመ ሰዓት በቀን ሁለቴ ልክ ሲሆን አይተን ሰዓቱን የታመንን ሰዎች ነን። ልዩነቱ የእኔ ሁለተኛ ጊዜ ቶሎ መምጣቱ ነው።

ከአንድ እጅ የወጡ ሁለት መሣሪያዎች

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ እዚህ ላይ ነው ይበልጥ ያፈርኩት። አርኤስአይን የሠራው ዌልስ ዋይልደር በሙያው የሜካኒክስ መሐንዲስ ነበር። ቀመሩን ያወጣው በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኤዲኤክስንም አውጥቷል። ማለትም ያው ሰው፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ጥራዝ፣ አንዱን መሣሪያ ለዋጋው ውዝዋዜ፣ ሌላውን ትሬንድ፣ ማለትም ዋጋው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዘልቅ ጉዞ፣ መኖር አለመኖሩንና ጥንካሬውን ለመለካት አስቀምጦልን ነበር። እኛ ወረፋ ላይ አንዱን አንስተን ሌላውን ጥለን ሄድን። ብሎኑን ወስዶ ዳዶውን መርሳት ማለት ነው።

ኤዲኤክስን ወስጄ በዚያ የኤፕሪል ቻርት ላይ ስጭነው፣ እኔ ስሸጥ 25ን ካለፈ ቆይቷል። ብዙ ሰው ከ20 በታች ሲሆን ገበያው ወዲያ ወዲህ እያለ ነው፣ ከ25 በላይ ሲሆን ትሬንድ አለ ብሎ ይይዘዋል። ገበያው ወዲያ ወዲህ ሲል አርኤስአይ 70 ጥሩ የመሸጫ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ግድግዳ እየነካ ይመለሳልና። ትሬንድ ሲኖር ግን ያው 70 ትርጉሙ ይገለበጣል። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቋንቋ። የትኛውን እየተናገረ እንደሆነ የሚነግረኝ ሌላኛው መሣሪያ ነበር፣ እሱን ደግሞ አላወቅሁትም።

ይሄን ስል ኤዲኤክስ ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። ዕውር ነው፤ አቅጣጫ አያይም። ገበያው ቁልቁል ሲናድም ሽቅብ ሲወጣም እኩል ያድጋል። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ “ኤዲኤክስ እየጨመረ ነው፣ ባይ ልግባ” ብሎ ደውሎልኝ ቻርቱን ስከፍተው ዋጋው እንደ ድንጋይ እየወረደ ነበር። ከዚያም በላይ ዘገምተኛ ነው፤ አማካይ ላይ አማካይ ተደርቦበት ስለሚሠራ ትሬንዱ ከሞተ በኋላም ለተወሰኑ ቀናት ከፍ ብሎ ይቆያል። ኦክቶበር 21 ዶላሩ 152 ሊገባ ሲል የጃፓን ገንዘብ ሚኒስቴር ገብቶ የን ሲገዛ፣ በሰዓታት ውስጥ ወደ 146 ወረደ። ያን የሚያውቅ ኢንዲኬተር የለም። ሁሉም የተሠሩት ካለፈ ዋጋ ነው።

አሁን እኔ የማየው ጩኸቱን ሳይሆን ድምፁ የሚወርድበትን ቦታ ነው። በጠንካራ መውጫ ላይ ያለ ገበያ ሲያርፍ አርኤስአዩ ወደ 50 ወይ ወደ 40 አካባቢ ወርዶ ይነሣል። እዚያ ከተነሣ ሞተሩ ይጎትታል። 40ን ሰብሮ ከገባ ጆሮዬን አቆማለሁ። ዳይቨርጀንስ የሚሉት፣ ዋጋው አዲስ ከፍታ ሲያደርግ አርኤስአዩ ወይ ማክዲ የሚባለው ሌላ ኢንዲኬተር ከቀድሞው ዝቅ ሲል የሚታየውም ከዚሁ ወገን ነው። ግን እዚህም ላይ የኤንትሬው ነገር ይመጣል። አባቴ ማርሽ ሲቀይር ድምፁ ለቅጽበት ይወርዳል። ዳገቱ ሲለሳለስም ይወርዳል። መኪናው ግን ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ድምፅ ወረደ ማለት ቀድሞ ከሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ወደ ኋላ ተንሸራተተ ማለት አይደለም። ዳይቨርጀንስ ባየሁ ቁጥር ብሸጥ ኖሮ ዛሬ ታክሲውም አይኖረኝም።

ረዳቱ ምን ያደርግ እንደነበር ነው የማልረሳው። ድምፁ ሲወርድ አይጮህም፣ ከመኪናው አይዘልም፤ ታኮውን በእጁ ይይዛል። ማርሹ ከገባ ታኮው ተመልሶ ቦታው ይገባል። መኪናው ወደ ኋላ ካለ ከጎማው ሥር ይወረውረዋል። ስቶፕ ሎስን ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም፤ ረዳቱ ደግሞ ፎሬክስ የሚባል ነገር በሕይወቱ አልሰማም። እኔ በዚያ ኤፕሪል ያለ ታኮ ነበር የተነሣሁት፤ በዚያ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ።

ጎልድ 4,000 የገባ ቀን

ጓደኛዬ እስካሁን እዚያው ወረፋ ላይ ነው። በ2025 ጎልድ አሳበደው። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ወቄቱ 3,500 ዶላርን ሲያልፍ አርኤስአዩ 70ን ተሻግሮ ነበር፤ ቴሌግራሙ ሁሉ “ጎልድ ኦቨርቦት” ሆነ። ወር ሙሉ ኦቨርቦት እንደሆነ ወጣ። ኦክቶበር 8 ቀን 4,000ን አለፈ። ከሰዓት በኋላ መልእክት ላከልኝ፦ “አርኤስአዩ 80 ገብቷል። ሴል?”

ተሳፋሪ ጭኜ ስለነበር አልመለስኩለትም። ሰውየውን አውርጄ ዳሽቦርዱን ከፈትኩ፣ ፖስታውን መሪው ላይ ዘርግቼ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩበትም። ትንሽ ቆይቶ መለሰ፦ “ይሄ ምንድን ነው? መብራት ሊቆርጡብህ ነው?”

ደውዬ አስረዳሁት። አልተዋጠለትም፣ ግን አልሸጠም። ዋጋው ወደ 4,380 ወጣ። ኦክቶበር 21 ቀን ግን በአንድ ቀን ከአምስት በመቶ በላይ ወደቀ፤ ከ2020 ወዲህ እንዲህ ያለ የአንድ ቀን ውድቀት አልታየም። ስልኬ ወዲያው ጮኸ።

“አየህ! አላልኩህም? ኦቨርቦት ነው አላልኩህም?”

“ስንት ላይ ነው አሁን?”

“4,100 አካባቢ።”

“አንተ ስንት ላይ ነበር ልትሸጥ ያልከው?”

ከኋላው የወረፋ ጠባቂው ፊሽካ ይሰማኛል፣ ተራው ደርሷል። ዝም ብሎ ቆየና፣

“እሺ፣ ቢሉን ከፈልከው?” አለኝ።